በአንድ ፔዳል ላይ አራት እግር

ጥያቄ፦ ውድ አማካሪያችን፣ እኔና ጓደኛዬ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያደግን ነን። ገንዘባችንን አዋጥተን አንዲት አሮጌ ፓይፐር ካብ ገዛን፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚቀመጥባት፣ ሦስተኛው ጎማዋ ጅራቷ ሥር ያለ ትንሽ አውሮፕላን ናት። እሱ የጅራት ጎማ ያላቸውን አውሮፕላኖች ለብዙ ዓመታት አብርሯል። እኔ ግን ፈቃዴን ያወጣሁት የአፍንጫ ጎማ ባለው ማሠልጠኛ ነው። የጅራት ጎማ ሥልጠናውን ከአስተማሪ ጋር ወስጄ ተፈርሞልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የምበረው ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ነው፤ እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት። ችግሩ ያለው ማረፊያው ላይ ነው። ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ፔዳሉ እግሬ ሥር በራሱ ይንቀሳቀሳል። እየረዳኝ ነው። አንዳንዴ መሪውንም ይይዛል። እሱ ምንም አይናገርም፤ እኔም ምንም አልልም። በቅርቡ ከግራ የሚነፍስ ነፋስ እያለ ስናርፍ አፍንጫዋ ወደ ግራ ሄደ። የቀኙን ፔዳል ረገጥኩ፤ እሱም አብሮ የረገጠ መሰለኝ። አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ ዞረች፤ ዞራም አላቆመች። ሣሩ ላይ ፊታችንን ወደ መጣንበት አዙረን ቆምን፤ የግራው ክንፍ ጫፍ መሬት ጫረ። እሱ «እኔ ባልኖር ተገልብጠን ነበር» አለ። እኔ ደግሞ እሱ ባይረግጥ ኖሮ ቀጥ አድርጌ አቆማት ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አላወራንም። አሁን በሚመጣው ሳምንት እንብረር ብሎኛል። ጓደኝነታችንን ሳላበላሽ ምን ልበለው? (ከኋላው ወንበር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምን እንደምትለው እነግርሃለሁ። ከዚያ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ በሚመጣው ሳምንት አትብረሩ። አንተም፣ እሱም፣ ሌላ ሰውም። የክንፍ ጫፉ መሬት የነካ አውሮፕላን ጭረቱ ተቀብቶ ብቻ ወደ ሰማይ አይመለስም። አንተ «ጫረ» ብለህ በአንድ ቃል አለፍከው፤ እኔ ግን ደብዳቤህን ሳነብ ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ እሱ ነው። የካብ ክንፍ በጨርቅ የተሸፈነ ስለሆነ ከውጭ የሚታይህ የጨርቁ ጉዳት ብቻ ነው። ጫፉ መሬት ሲመታ ግን ኃይሉ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ክንፉን ከጫፍ እስከ ሥሩ ወደተሸከመው ዋና አግዳሚና አግዳሚውን ከአካሉ ጋር ወደሚያያይዙት ብረቶች። አግዳሚው የእንጨት ከሆነ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ቀጭን ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል፤ የአሉሚኒየም ከሆነ ሊጎብጥ ይችላል። የማረፊያ እግሮቹም በጎን ሲገፉ ከባድ ጫና ይደርስባቸዋል። ፕሮፔለሩ አፈር ነክቶ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ሲዞር ፕሮፔለሩ መሬት ከመታ አምራቾቹ ሞተሩ ተከፍቶ እንዲመረመር ይጠይቃሉ። «ደህና ትመስላለች» የሚለው አያዋጣም። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ይያት፣ ያየውንም በመዝገቧ ላይ ይጻፍ። እስከዚያ ለመነጋገር የሚበቃ ጊዜ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የምችለውን ያህል ልመልስልህ፤ ግማሹን ራስህ ጽፈኸዋልና። ነፋሱ ከግራ ነበር። የጅራት ጎማ ያለው አውሮፕላን መሬት ላይ ሆኖ የጎን ነፋስ ሲመታው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ነፋሱ ጅራቱን ስለሚገፋው። እናም ያሸነፋችሁ ነፋሱ ቢሆን ኖሮ የምትሽከረከሩት ወደ ግራ ነበር። እናንተ ግን የዞራችሁት ወደ ቀኝ ነው። ወደ ቀኝ የወሰዳችሁ እግር ነው። የግራው ክንፍ መጫሩም ይህንኑ ይመሰክራል፤ አውሮፕላን ወደ ቀኝ በኃይል ሲዞር ክብደቱ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ግራ ስለሚወረወር በዚያ በኩል ያለው ክንፍ ዝቅ ይላል።

የማን እግር ነው? አንተ ለማቃናት የሚበቃውን ያህል ረግጠህ ይሆናል። እሱም ለማቃናት የሚበቃውን ያህል ረግጦ ይሆናል። የፊቱና የኋላው ፔዳል የተያያዙ ስለሆኑ የሁለታችሁ ግፊት ተደምሮ ራደሩ ላይ (ጅራቱ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው ክፍል ላይ) ደረሰ፤ ከሚበቃውም አለፈ። ማን ምን ያህል እንደገፋ እሱ አያውቅም፣ አንተም አታውቅም፣ እኔም ከሩቅ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። «እኔ ባልኖር» የሚለው የእሱ አባባልና «እሱ ባይረግጥ» የሚለው የአንተ እምነት ሁለቱም ሊረጋገጡ አይችሉም። ሁለታችሁም ተዉአቸው። የተረጋገጠው ነገር አንድ ነው፤ እዚያ ፔዳል ላይ በአንድ ጊዜ አራት እግር ነበር፣ የእኔ ነው ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ይህ በአፍንጫ ጎማ አውሮፕላን ላይ ቢሆን ኖሮ ሳትነጋገሩበት ዓመታት ማለፍ ትችሉ ነበር። እዚያ የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ፊት ስለሚውል አውሮፕላኑ ትንሽ ዘወር ብሎ ቢያርፍ እንኳ ክብደቱ ራሱ ወደ ቀጥታው ይመልሰዋል። በእናንተዋ ላይ ማዕከሉ ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ነው። ጋሪ ከፊት ሆነህ ስትጎትተው ይከተልሃል፤ ወደ ኋላ ስትገፋው ግን አንዴ ካዘመመ ራሱን እያባሰ ይታጠፋል። የእናንተ አውሮፕላን ካረፈችበት ሰከንድ ጀምሮ እስክትቆም ድረስ ሁልጊዜ የሚገፋ ጋሪ ናት። መድኃኒቱ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ቶሎም የሚነሳ እርምት ነው። ረገጥ፣ ለቀቅ፤ በሌላው ረገጥ፣ ለቀቅ። አፍንጫው ወደ መስመሩ ተመልሶ እስኪገባ እግርህን ካላነሳህ ዘግይተሃል፤ መስመሩን አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሄድብሃል። ይህ ልኬት በአንድ ሰው እግር እንኳ ለመያዝ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ሲያደርገው መጠኑ ይበዛል፣ መልቀቂያው ይዘገያል፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ገና እየገፋ ነውና።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የተጫረው ክንፍ አይደለም። የጅራት ጎማ አውሮፕላን የሚማሩት በእግርና በመቀመጫ ነው። አብራሪው ጎን ለጎን መንሸራተቱን መቀመጫው ላይ ይሰማዋል፤ ፔዳሉ ሲከብድና ሲላላ ራደሩ ምን ያህል አየር እንደያዘ ያውቃል። ፍጥነቷ እየቀነሰ ሲሄድ ራደሩ ላይ የሚያልፈው አየር ይሳሳል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል፤ ያኔ የጅራት ጎማውና ፍሬኑ ሥራውን መረከብ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚያች መሀል ነው፤ «አረፍኩ» ብሎ ትከሻውን ባላላበት ጊዜ። አንተ ግን ይህን ሁሉ የምትሰማው በጓደኛህ እግር በኩል ነው። ፔዳሉ ሲንቀሳቀስ ነፋሱ ይሁን እሱ አታውቅም። ሲጠነክርብህ አየሩ ይሁን የእሱ ጫማ አታውቅም። እስካሁን የለመድከው የአውሮፕላኗን ጠባይ ሳይሆን የእሱን እግር ነው። አንድ ቀን ብቻህን ስትሆን ያ እግር እዚያ አይኖርም።

ስለዚህ ቁጭ ብለህ የበረራ መዝገብህን ክፈትና ከተፈረመልህ ቀን ወዲህ የጻፍካቸውን ማረፊያዎች አንድ በአንድ እያቸው። የትኛው በእውነት የአንተ ነው? በአሜሪካ ደንብ ለምሳሌ ተሳፋሪ ለመያዝ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ 3 ጊዜ መነሳትና 3 ጊዜ ማረፍ ያስፈልጋል፤ በጅራት ጎማ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ማረፊያው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት፤ ነክቶ መነሳት አይቆጠርም። አየህ፣ ሕጉ የፈለገው አብራሪው ያችን የመጨረሻ ዝግታ በራሱ እግር እንዲያልፋት ነው። የአንተ አገር ደንብ በቁጥሩ ይለይ ይሆናል፤ ምን እንደሚል ከሲቪል አቪዬሽኑ ጠይቅ። ቁጥሩ ቢሞላልህም ግን ማረፊያው የሁለት ሰው ከነበረ ለራስህ አትቁጠረው።

ጓደኛህ ጎበዝ አብራሪ ነው ብዬ ልቀበል። ማስተማር ግን ሌላ ሙያ ነው። ጥሩ አስተማሪ እግሩን ከፔዳሉ አንስቶ መቀመጥን ተምሯል። ተማሪው ሲሳሳት እስከ የት ድረስ እንደሚተወው፣ ከየት ጀምሮ እንደማይተወው ያውቃል፤ ሲወስድም «ያዝኩ» ብሎ ነው የሚወስደው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 15 ቀን 1991 በፊት የጅራት ጎማ አውሮፕላን በዋና አብራሪነት አብርሮ ያልመዘገበ ሰው ሁሉ ሥልጠናውን ወስዶ የሚያስፈርመው ከተፈቀደለት አስተማሪ ነው እንጂ ልምድ ካለው ጓደኛ አይደለም። ሥልጠናው የሚሸፍነውም ተዘርዝሯል፤ በመደበኛና በጎን ነፋስ መነሳትና ማረፍ፣ አምራቹ ካልመከረበት በቀር በዋናዎቹ ጎማዎች ብቻ ማረፍ፣ እንዲሁም ማረፉን ትቶ እንደገና መውጣት። አውሮፓ ውስጥም ከአፍንጫ ጎማ ወደ ጅራት ጎማ ለሚሻገር አብራሪ የልዩነት ሥልጠና ግዴታ ነው።

አንተ ይህን አልፈሃል፤ ፊርማው አለህ። ቢሆንም ተመለስ። አውሮፕላኗ ተመርምራ ስትወጣ መጀመሪያ አብሮህ የሚቀመጠው ጓደኛህ ሳይሆን አስተማሪ ይሁን። ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከተቻለ ሣር ላይ ጀምሩ፤ ሣር ጎማው ትንሽ እንዲንሸራተት ስለሚፈቅድ አስፋልት የማይምርህን ስህተት ይምርሃል። በሦስቱም ጎማ አርፈህ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስበህ ያዝ፤ የጅራት ጎማው መሬቱን የሚጨብጠው እንዲያ ነው። ከዚያ ነፋሱን በልክ ልክ ጨምሩ። ከግራ ሲነፍስ የግራውን ክንፍ ዝቅ አድርገህ፣ በቀኝ ራደር አፍንጫዋን ከመስመሩ ጋር አቅንተህ፣ በግራው ጎማ መጀመሪያ ማረፍን ልመድ። ካረፍክም በኋላ መሪውን ወደ ነፋሱ ማዘንበልህን አትተው፤ ፍጥነቷ እየቀነሰ በሄደ መጠን ጨምረው እንጂ። ብዙዎች ጎማው መሬት ሲነካ መሪውን ወደ መሀል ይመልሱታል፤ ነፋሱም ክንፉን የሚያነሳው ያኔ ነው። አስተማሪህን እግሩን የት እንዳደረገ እያንዳንዱ በረራ ሲያልቅ ጠይቀው። «አልነካሁም» ያለህን ማረፊያ መዝገብህ ላይ ምልክት አድርግበት።

ቀጥሎ ብቻህን ብረር። በኋላው ወንበር እየተቀመጥክ ስለምታበር አውሮፕላኗ ጄ-3 የሚባለው የካብ ሞዴል ናት ብዬ እወስዳለሁ፤ ጄ-3 ደግሞ ብቻ ሲበሩባትም የምትበረው ከኋላ ነው። ፊትህ ያለው ትከሻ ሲጠፋ የሚገርም ነገር ታያለህ፤ መንገዱ ይከፈታል። በ65 የፈረስ ጉልበት የአንድ ሰው ክብደት መቅለሉ ትልቅ ለውጥ ነው። ቶሎ ትነሳለች፣ ስታርፍም ትንሽ ትንሳፈፋለች፤ በዚህ እንዳትደናገጥ አስቀድመህ እወቀው።

ለጓደኛህ የምትለው ነገር እንግዲህ ከዚህ ይነሳል። ንግግሩን አውሮፕላኗ አጠገብ አታድርገው፤ ከበረራ በኋላም ሆነ ሞተር ሊነሳ ሲል አይሁን። ሁለታችሁ ብቻ የምትሆኑበት፣ የማትቸኩሉበት ቦታ ፈልግ። ከጥፋቱ አትጀምር። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ «ስማኝማ፣ ይህን ነገር በሆዴ ይዤ መቆየት አልፈልግም። ባለፈው ስናርፍ ሁለታችንም ፔዳሉ ላይ ነበርን። ማን እንዳጠፋ ልንከራከር አንችልም፤ አናውቀውም። እግርህን ከዚያ በፊትም ይሰማኝ ነበር፤ ያኔውኑ ልነግርህ ሲገባኝ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። እኔ ሳርፍ እኔ፣ አንተ ስታርፍ አንተ። የሚቀረኝን ደግሞ ከአስተማሪ ጋር ልጨርሰው ነው።»

ዝም ማለትህን መጥቀስህ ደግ ለመምሰል አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው። ፔዳሉ እግርህ ሥር መጀመሪያ የተንቀሳቀሰ ቀን «አንተ ነህ እንዴ?» ብለኸው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይሉኝታ ያዘህ፤ እሱ በልምድ ይበልጥሃል፣ ጓደኛህም ነው። እሱም ይሉኝታ ይዞት ይሆናል፤ «ማረፊያህ አያስተማምነኝም» ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር እግሩን ዝም ብሎ መላክ ቀለለው። ምድር ላይ ለጨዋነት የሚሆን ይሉኝታ እዚያ ወንበር ላይ ግን ሁለታችሁንም አደጋ ላይ ይጥላችኋል።

ሲናገር ደግሞ አዳምጠው። እሱ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሰማው አስብ። ከፊት ተቀምጧል፤ አፍንጫዋ ስትሄድ ካንተ ቀድሞ ያያል፤ ሰውነቱም የገንዘቡ እኩሌታም እዚያው ናቸው። የጅራት ጎማ የለመደ ሰው አፍንጫ ሲዞር እያየ እግሩን ማሰር ይከብደዋል፤ ሳያስበው ይሄዳል። ንቀት አድርገህ አትውሰደው። «በየትኛው ነፋስ ነው እኔ ሳሳርፍ የምትሰጋው?» ብለህ ጠይቀውና መልሱን በቁም ነገር ያዘው። ምናልባት ያለህበትን ደረጃ ካንተ በተሻለ አይቶት ይሆናል። ከዚያ መጠን በላይ የጎን ነፋስ ካለ እሱ እንዲያሳርፍ ብትስማሙ አንተን አያሳንስህም፤ አስተማሪህ ከፍ በል ሲልህ መጠኑን ከፍ ታደርጉታላችሁ።

ስምምነቱ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጄ-3 ሲሠራ የሞተር ማስነሻ ስላልነበረው ሞተሩ የሚነሳው በእጅ ነው። አንዱ ፕሮፔለሩ ዘንድ ይቆማል፣ አንዱ ውስጥ ይቀመጣል። ውጭ ያለው «ማግኔቶ ዝግ?» ብሎ ይጠይቃል (ማግኔቶ ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል ነው)፤ ውስጥ ያለው አይቶ፣ ነክቶ «ዝግ!» ይላል። መልሱን ሳይሰማ ፕሮፔለር የሚነካ የለም፤ ተዘግቷል ከተባለም በኋላ ሁልጊዜ ሊነሳ እንደሚችል ቆጥሮ ነው የሚነካው። ጎማው ታግዷል፣ ጅራቱ ታስሯል፣ ውስጥ ያለውም ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚያ ላይ ማንም ጓደኛውን «ሳትነግረኝ ልረዳህ» አይለውም፤ እጅ እንደሚቆርጥ ሁለታችሁም ታውቃላችሁና። ይህንኑ ሥርዓት ወደ ማረፊያው አምጡት።

መሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ሦስት ቃል ይኑር። ሰጪው «ያዝ» ይላል፣ ተቀባዩ «ይዣለሁ» ይላል፣ ሰጪው «ይዘሃል» ብሎ ከዚያ በኋላ ይለቃል። ሞተሩ ስለሚጮህ በጆሮ ማዳመጫ መነጋገሪያ ተጠቀሙ፤ ያም ቢበላሽ ከፊት ያለው ሰው እጁን ለኋላው እንዲታይ ከፍ ያድርግ። አንተ ስታሳርፍ የእሱ እጅ ጉልበቱ ላይ፣ እግሩም ከፔዳሉ ተስቦ ወለሉ ላይ ይሁን፤ ወደ ማረፊያው ስትታጠፉ «እግሬ ወለል ላይ ነው» ብሎ ይንገርህ። እሱ ሲያሳርፍ አንተም እንዲሁ አድርግ፤ ሕጉ ለአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ስድብ ይመስላል። አንድ ሥልጣን ግን ሁልጊዜ ይኑረው፤ ጎማው መሬት ከመንካቱ በፊት «ውጣ!» ካለ ያለ ክርክር ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) ሰጥተህ ትወጣለህ። ምክንያቱን ሰማይ ላይ ሆናችሁ ወይም ወርዳችሁ ትጠይቀዋለህ። ኃይል ስትጨምር አፍንጫዋ ወደ ግራ እንደምትሄድ አስታውስ፤ ቀኝ እግርህ አብሮ ይሂድ። ካረፋችሁ በኋላ ግን የሚያሳርፈው ያሳርፍ። በዚያች ሰዓት መሪ ለመቀባበል ጊዜ የለም።

እግሩን ስታስወርደው ሥራ ስጠው። ከፊት ያለው ሰው ዓይን ትልቅ ሀብት ነው። መሬት ላይ በተለይ፤ ከኋላ ሆነህ ፊት ለፊትህን ስለማታይ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዝክ ነው የምትነዳት፤ እሱ ሰው፣ እንስሳ፣ ሌላ አውሮፕላን ካየ ይንገርህ። አየር ላይ አካባቢውን ይቃኝ። ከአፍንጫዋ ላይ ብቅ ያለችውን የነዳጅ መለኪያ ሽቦም ከአንተ በተሻለ ያያታል፤ ታንኩ ውስጥ ቡሽ ላይ የቆመች ናት፣ ባጠረች ቁጥር ይንገርህ። ታንኩ 45 ሊትር ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ይህችን ማወጅ ቀላል ሥራ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ክብደታችሁን አስቡ። ጄ-3 ስትነሳ እንድትመዝን የተፈቀደላት 553 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባዶዋን ደግሞ 350 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች። ነዳጁ ሞልቶ ሁለት ሙሉ ሰው ሲቀመጥ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የእናንተዋ አሮጌ ስለሆነች በየጊዜው የተጨመረባት ይኖራል፤ መዝገቧ ላይ ያለውን ትክክለኛ ክብደት ወስዳችሁ አስሉ። ሙቀት ባለበትና ከፍታ ላይ ባለ ማረፊያ ደግሞ የተፈቀደው ሁሉ አይቻልም።

የጥገናውን ወጪ እኩል ክፈሉ። ማን እንዳጠፋ ስለማይታወቅ ሌላ ፍትሐዊ መንገድ የለም፤ «አንተ ክፈል» የሚለው ንግግር ከተጀመረ ደግሞ የተጫረው ክንፍ ጓደኝነታችሁን ይዞት ይሄዳል። የኢንሹራንሱን ውል አውጥታችሁ አንብቡት፤ ማን ማን እንዲያበር እንደተፈቀደ፣ በጅራት ጎማ ስንት ሰዓት እንደሚጠይቅ፣ የደረሰውንም በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለባችሁ። እስካሁን በቃል ብቻ ከሆናችሁም ስለ ወጪ፣ ስለ ጉዳት፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ምን እንደሚሆን ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ይህን ሁሉ የምልህ አብራችሁ መብረራችሁን እንድታቆሙ አይደለም። ነፋሱ በተኛበት ምሽት በሩን ከፍቶ፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሜዳው ከጎንህ እየሄደ፣ ያየኸውን ለሰው እያሳየህ መብረር በዚህች ዓይነት አውሮፕላን ላይ ካለው ደስታ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ብቻውን የሚበር ሰው ያን አያገኘውም። ደስታው የሚኖረው ግን ከፊት ያለው ሰው ዘና ብሎ ሲቀመጥ ነው።

እምቢ ካለህስ? «እኔ እያለሁ እግሬን አላነሳም» ሊል ይችላል። እንዲህ ካለ አትጣላው፤ አብራችሁ ስትሆኑ እሱ ያብር፣ ያሳርፍም፤ አንተ ተሳፋሪ ሁን፣ እግርህንም ወለል ላይ አድርግ። የአንተን ማረፊያ ብቻህን ወይም ከአስተማሪ ጋር አድርግ፤ ቀኖቹን ተከፋፈሉ። እሱን ከፊት አስቀምጠህ በአራት እግር ወደማረፍ ግን አትመለስ፤ «ዛሬ ብቻ» ቢልህም። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ሞክር፤ አንተን ከሚያሠለጥንህ አስተማሪ ጋር እሱም አንድ በረራ እንዲወጣ ጋብዘው። እግሩ ሳያውቀው እንደሚሄድ ከአንተ ከሚሰማው ይልቅ ከአስተማሪ ቢሰማው ይቀለዋል። አብራችሁ ስትመለሱም ሁለታችሁ የምትጠቀሙት የመቀባበያ ቃል አንድ ዓይነት ይሆናል።